ደሴ ላይ የመጀመሪያ ቤታችንን ልንገዛ ነው፣ ቀያሽ ነው ኢንጅነር ነው ማስመጣት ያለብን?

የሆጤዋ፦

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ጤና ይስጥልኝ የወሎ ልጆች። እኔና ባለቤቴ ደሴ ላይ ቤት ልንገዛ ነው፣ ለሁለታችንም የመጀመሪያችን ነው፣ ከኪራይ ወጥተን የራሳችን በር እንዲኖረን ስንቆጥብ ኖረን አሁን የተወሰነውን ከራሳችን የቀረውን ደሞ ከባንክ አድርገን እንገዛለን ብለን ተነስተናል። ቤቱ ጦሳ ተራራ ግርጌ ተዳፋት ላይ ካሉት ሰፈሮች አንዱ ውስጥ ነው፣ ሰፈሩን አልጠራም ሻጮቹ እንዳያዩት። ፊት ለፊት የድሮ ጭቃ ቤት አለ ሳሎንና ሁለት መኝታ፣ ከኋላ ደሞ በብሎኬት የተቀጠለ ሰርቪስ አለው። ካርታ አለው፣ ነባር ይዞታ ነው፣ 200 ካሬ ይላል።

ነገሩ ምንድነው ከታች በኩል ግቢውን ደግፎ የያዘው የድንጋይ ግንብ መሃሉ ላይ ወደ ውጭ ነፋ ያለ መሰለኝ። ሳሎኑ ደሞ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ መኝታ ቤቶቹ ግን አልተቀቡም። ባለቤቴ ባንኩ የራሱን ኢንጅነር ልኮ ያስገምተው የለ፣ ችግር ካለው እሱ ይነግረናል ነው ሚለው። ደላላው ደሞ የራሴ ሰርቬየር አለኝ በነፃ ይለካላችኋል አለን። እኔ ግን ውስጤ እሺ አላለኝም፣ ዕድሜ ልካችንን የቆጠብነው ብር ነው።

ጥያቄዬ፣ ቤት ሲገዛ ሚመረምረው ሰው ማን ነው ሚባለው? ቀያሽና ኢንጅነር ሁለቱም ያስፈልጋሉ? ጎበዙን በምን እለየዋለሁ? ደሞስ ቀብድ ሳንከፍል ነው ሚታየው ወይስ ከፍለን? ሙያው ያላችሁ ወይ ገዝታችሁ የምታውቁት መልሱልኝ፣ አላህ ይስጣችሁ።

ቀያሹ_ከኮምቦልቻ፦

እህቴ ጥያቄሽ በጣም ጥሩ ነው፣ ሰው ሁሉ ሚጠይቀው ከገዛ በኋላ ነው። እኔ ስራዬ ቅየሳ ነውና የኔን በኩል ልንገርሽ፣ ስለ ቤቱ ራሱ ሌላ ባለሙያ ይመልስልሽ።

መጀመሪያ ይሄን ለዪ። ቀያሽ መሬት ነው ሚለካው። ካርታው ላይ ያለው ወሰን መሬት ላይ የት እንደሚያርፍ ያሳይሻል በቃ። ግድግዳው ይሰነጠቅ አይሰነጠቅ፣ ግንቡ ይውደቅ አይውደቅ የሱ ስራ አይደለም፣ አውቃለሁ ካለሽም አትቀበይው። ቤቱን ሚያይልሽ የህንፃ ኢንጅነር ነው። ስለዚ አንቺ ላለሽበት ሁኔታ ሁለቱም ያስፈልጉሻል፣ ተዳፋት ላይ ስለሆነ በተለይ።

አሁን ልኬቱ ላይ ልምጣ፣ ደሴ ላይ ብዙ ሰው ሚሳሳትባት ነገር አለች። ካርታ ላይ ያለው ካሬ ሜትር የተዳፋቱ ቁልቁለት ተከትሎ የተለካ አይደለም፣ ከላይ ወደ ታች እንደታየ ጠፍጣፋ ሆኖ የተሰላ ነው። አንቺና ባለቤትሽ ሜትር ይዛችሁ መሬቱን ተከትላችሁ ብትለኩ ሁልጊዜ ይበልጣል። ለምሳሌ ተዳፋቱ 30 ፐርሰንት ቢሆን መሬት ለመሬት 20 ሜትር ያገኘሽው ካርታ ላይ 19 ከ15 ገደማ ነው ሚሆነው። 10 በ20 ነው ሙሉ 200 ካሬ ነው ብለሽ ስትደሰቺ እውነቱ 191 ወይ 192 ሊሆን ይችላል። ስለዚ ደላላ በሜትር ጎትቶ ያሳየሽን አትመኚ፣ የግድ ማጭበርበር ነው ማለቴ አይደለም፣ አለካኩ ራሱ ስለማይሆን ነው።

ሁለተኛ በሞባይል ጂፒኤስ ወሰን አይለካም። ስልክ ሜዳ ላይ እንኳን ከ3 እስከ 5 ሜትር ይሳሳታል፣ ደሴ ውስጥ ግንብና ተራራ መሃል ደሞ ከዛም ይብሳል። 10 ሜትር ስፋት ያለው ግቢ ላይ 4 ሜትር ከሳተ ምን ዋጋ አለው። ቶታል ስቴሽን ወይ አርቲኬ ጂፒኤስ ሚባሉትን የቅየሳ መሳሪያዎች ይዞ ሚመጣ ሰው ነው ሚፈለገው፣ እነዚህ በሴንቲሜትር ነው ሚሰሩት። ቀያሹን ስትጠይቂው በምን መሳሪያ ነው ምትለካው በይው፣ ደሞ ከየትኛው የታወቀ ነጥብ (ቦታው ቀድሞ በትክክል ከተለካ ምልክት) ተነስተህ በይው። ሁለተኛዋን ጥያቄ ሲሰማ ፊቱን እይው። ሀገራችን ብዙው የከተማ ካርታ ሚሰራው አዲንዳን በሚባለው የቦታ መለኪያ ሲስተም ዞን 37 ላይ ነው፣ ስልክና ተራ ጂፒኤስ ደሞ ሳይስተካከል ሚያነበው ሌላ ሲስተም ነው፣ በሁለቱ መሃል ያለው ልዩነት ከ200 ሜትር በላይ ነው። ይሄን ሳያስተካክል የካርታውን የኮርነር ቁጥር (ኮኦርዲኔት) ያስገባ ሰው ወሰንሽን ሌላ ሰፈር ወስዶ ያሳይሻል። ይሄ ግልፅ ስህተት ስለሆነ ወዲያው ይታወቃል፣ ግን ሰውየው ስራውን እንደማያውቅ በዛው ታያለሽ።

ሶስተኛ ትርፍ ይዞታ። ግንቡ ወይ ሰርቪሱ ከካርታው ወሰን ውጪ አርፎ ከሆነ ያንን አልገዛሽም። ሻጩ እስከዛሬ ማንም አልነካንም ይልሻል፣ እውነቱንም ሊሆን ይችላል፣ ግን ካርታ ላይ የሌለን ነገር ሊያዞርልሽ አይችልም። በተለይ ያ ነፋ ያለ ግንብ የማን ወሰን ውስጥ እንደሆነ አስለኪ፣ ነገ ሲፈርስ ማነው ሚሰራው ሚለው ጥያቄ እዛ ላይ ነው ሚያርፈው። ከታች ያለው ጎረቤት የኔ ነው ይላል ወይስ የናንተ ነው ይላል? ጠይቂው።

ልኬቱ ሲያልቅ አራቱም ኮርነር ላይ ችካል ይመታልሽ፣ ወረቀቱ ላይ ኮኦርዲኔቱና ከካርታው ጋር ያለው ልዩነት ተፅፎ ስሙና ፊርማው ይኑርበት። በቃል ትክክል ነው ብሎ ሚሄድ ሰው አልለካልሽም ማለት ነው።

የደላላውን ሰርቬየር በተመለከተ፣ እኔም ለደላላ የሚሰሩ ጎበዝ ልጆች አውቃለሁ፣ ግን ያ ልጅ ቀጣዩን ስራ ሚያገኘው ሽያጩ ሲያልቅ ነው። አንቺ ከፍለሽ አንቺ ያመጣሽው ይሁን።

ግንባታ_ሳይት፦

ቀያሹ ጥሩ አድርጎ መልሷል። እኔ ሲቪል ኢንጅነር ነኝ፣ ደሴና ኮምቦልቻ እየተመላለስኩ ነው ምሰራው፣ ስለ ቤቱ ልፃፍልሽ ትንሽ ይረዝማል ታገሺኝ።

ባለቤትሽ ካለው ልጀምር። የባንኩ ኢንጅነር ሚመጣው ላንቺ አይደለም። ባንኩ ነገ ብድሩ ባይከፈል ይሄን ቤት ሸጬ ብሬን አገኛለሁ ወይ ነው ሚጠይቀው፣ ኢንጅነሩ ካሬውን፣ የተሰራበትን ማቴሪያል፣ ዕድሜውን አይቶ ግምት ያወጣል። የጭቃ ቤት ሲሆን ብዙ ጊዜ ዝቅ አድርጎ ነው ሚይዘው። ኮርኒስ ከፍቶ አያይም፣ ክረምት ውሃው በየት እንደሚሄድ አይጠይቅም፣ ሪፖርቱም የባንኩ ነው። እሱ አለፈ ማለት ቤቱ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፣ እሱ ዝቅ አድርጎ ገመተ ማለትም ቤቱ ሊወድቅ ነው ማለት አይደለም። ሌላ ጥያቄ ነው የመለሰው።

አሁን ወደ ደሴ። ወላሂ ደሴ ላይ ከቤቱ በፊት መሬቱን ነው ማየት ያለብሽ። ከተማችን የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ነው ያለችው፣ ተዳፋቱ ላይ በብዙ ቦታ ከላይ ተንዶ የተከማቸ ልል አፈርና ድንጋይ ነው ያለው፣ ስሩ ደሞ የበሰበሰ ባዛልት ነው። ውሃ ሲገባበት ይከብዳል ይንሸራተታል። የቦርከና ወንዝ ዳር ዳሩን፣ ገደል አካባቢውን ሰው ያውቀዋል፣ መሬት መንሸራተት ለደሴ አዲስ ነገር አይደለም። እኛ ጋ ዝናብ ሁለት ጊዜ ነው፣ በልግም ክረምትም፣ ስለዚ መሬቱ በአመት ሁለቴ ነው ውሃ ሚጠጣው።

ስለዚ ኢንጅነር ስታመጪ ወደ ሳሎን ሳይሆን መጀመሪያ ወደ ላይ ወደ ጎረቤት አጥር ውሰጂው። ከላይ ያለው ጎረቤት የጣራ ውሃው የት ነው ሚወርደው? ሽንት ቤቱ ጉድጓዱ ካንቺ ግቢ ምን ያህል ይርቃል? ዛፎቹ ቀጥ ብለው ነው የቆሙት ወይስ ግንዳቸው ከስር ጎበጥ ብሎ ነው ወደ ላይ የቀናው? ከስር የጎበጠ ብዙ ዛፍ ባንድ ቦታ ካየሽ መሬቱ ቀስ እያለ እየሄደ ሊሆን ይችላል። የአጥር እንጨት ሁሉም ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ከሆነም እንደዛው። ነሐሴ ላይ ግቢው ውስጥ ምንጭ ይፈልቃል ወይ ብለሽ ጎረቤት ጠይቂ፣ ሻጩን ሳይሆን ጎረቤቱን፣ ቡና እየጠጣሽ።

ያ ግንብ። ተነፍቷል ካልሽ ቀልድ አይደለም። የድንጋይ ድጋፍ ግንብ ሚነፋው ብዙ ጊዜ ከጀርባው ውሃ ተጠራቅሞ ስለሚገፋው ነው። ውሃ መውጫ ቀዳዳ አለው ወይ? ካለውስ ተደፍኗል ወይስ ይሰራል? ከቀዳዳው ስር የውሃ ምልክት ካለ እየሰራ ነው፣ ደረቅና አፈር የሞላው ከሆነ አይሰራም። ግንቡ የተያያዘው በሲሚንቶ ነው በጭቃ ነው? የሰርቪሱ ግድግዳ ከግንቡ ጫፍ ምን ያህል ይርቃል? ብሎኬት ቤቱ ግንቡ ላይ ክብደቱን እየጫነ ከሆነ ግንቡ ሲሄድ ቤቱንም ይዞ ነው ሚሄደው። ገመድ ጫፉ ላይ ድንጋይ አስራችሁ ከላይ ወደታች ልቀቁትና ግንቡ ከገመዱ የት ጋር እንደሚወጣ ለኩት፣ ይሄን ራሳችሁም ማድረግ ትችላላችሁ። ኢንጅነሩ ደሞ ይሄ ግንብ ፈርሶ ይሰራ ቢባል ምን ያህል ስራ እንደሆነ ይፃፍልሽ፣ ዋጋ ስትደራደሪ እሱን ይዘሽ ነው ምትቀመጪው።

ቤቱ ውስጥ። ጭቃ ቤት መጥፎ ቤት አይደለም፣ በደንብ የተሰራና ጣራው ያላፈሰሰ ጭቃ ቤት በጣም ረጅም ጊዜ ይኖራል፣ ደሴ ብርድ ስለሆነ ሙቀትም ይይዛል። ሚገድለው እርጥበት ነው። ማገሩና ቋሚው መሬት ሚነካበት ቦታ ላይ ይበሰብሳል፣ ከውጭ በኩል ልስኑ ከስር የተቆረሰበት ቦታ ፈልጋችሁ በምስማር ወይ በካቻቢቴ እንጨቱን ውጉት፣ በቀላሉ ከገባ አልቋል። የጭቃ ግድግዳ በሲሚንቶ ሲለሰን ደሞ እርጥበቱ መውጫ ያጣል፣ ከላይ ያማረ ይመስላል ውስጡ ይፈርሳል፣ በጣት አንኳኪው ባዶ ድምፅ ካለው ከጭቃው ተላቋል። ምስጥ ኮምቦልቻና ከዛ በታች ሞቃቱ አካባቢ ይብሳል፣ ደሴም ግን ማየት አይከፋም።

አዲስ የተቀባው ሳሎን ያስጠረጠረሽ ልክ ነሽ፣ ግን ሰው ቤቱን ሊሸጥ ሲል መቀባቱም ያለ ነገር ነው። ቀለሙ ስር ምን እንዳለ ለማወቅ ሌላውን ፊት ማየት ነው፣ ያንኑ ግድግዳ ከውጭ በኩል ሂጂና እይው። ኮርኒሱ ላይ ቢጫ የውሃ ምልክት ካለ፣ አንዱ ኮርኒስ ብቻ አዲስ ከሆነ፣ መዝጊያው አልዘጋ እያለ ከስር በመላጊያ ተልጎ ከሆነ፣ እነዚህ ሁሉ ይናገራሉ።

ስንጥቅ ላይ ሁሉም ስንጥቅ አያስፈራም። ቀጭን ፀጉር መሰል የልስን ስንጥቅ ተዪው። ከመስኮትና ከበር ጥግ ተነስቶ ሰያፍ ወደ ላይ ሚወጣ፣ ብሎኬቱን ደረጃ ደረጃ እየሰራ ሚሄድ፣ ከላይ ሰፋ ከታች ጠበብ ያለ ወይ ተቃራኒው፣ ጣት ማስገባት የቀረው ከሆነ መሰረቱ እየሄደ ነው። የቆመ ነው ወይስ አሁንም እየሄደ ነው ሚለውን ለማወቅ ስንጥቁ ላይ ትንሽ ጂፕሰም ለጥፎ ቀን ፅፎ መተው ነው፣ ጂፕሰሙ ከተሰነጠቀ ቤቱ እየተንቀሳቀሰ ነው። ሻጩ ከፈቀደ በልግ ከመግባቱ በፊት ለጥፋችሁ ከዝናቡ በኋላ ማየት በጣም ጥሩ ነው። ጭቃ ቤቱና ብሎኬቱ ሚገናኙበት ላይ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ማግኘትሽ አይቀርም፣ ሁለቱ ክብደታቸውም መሰረታቸውም ሚለያይ ስለሆነ ነው፣ እሱ ብቻውን አያስደነግጥሽ፣ ውሃ ሚያስገባ ከሆነ ግን ይደፈን።

የብሎኬቱ ቤት ኮለንና ቢም (የአርማታ ቋሚና አግዳሚ) አለው ወይስ ብሎኬት በብሎኬት ላይ ብቻ ነው ሚለውንም ይይልሽ። አካባቢያችን መሬት መንቀጥቀጥ ያለበት ነው፣ በ1953 ካራቆሬና ማጀቴ የደረሰው ትልልቆቻችን ያስታውሱታል፣ በ2017 ደሞ ከአዋሽ ፈንታሌ የተነሳው ስንቱን ሌሊት ከቤት አስወጥቷል። ግድግዳዎቹን ከላይ ዙሪያውን አስሮ ሚይዝ የአርማታ ቀለበት የሌለው ብሎኬት ቤት እሱ ላይ ደካማ ነው።

ጎበዙን በምን እለያለሁ ላልሽው፣ የሙያ ፈቃዱን እይ፣ ከዛ በፊት ለሌላ ሰው የሰራውን ሪፖርት (ስም ተሸፍኖ) አሳየኝ በይው። ሪፖርት ፅፎ ሚያውቅ ሰው ያሳይሻል። ጣራ ላይ ትወጣለህ ወይ፣ ኮርኒስ ትከፍታለህ ወይ፣ ከላይና ከታች ጎረቤት ጋ ትገባለህ ወይ ብለሽ ጠይቂው። ክፍያውን ከቤቱ ዋጋ ፐርሰንት ሚጠይቅሽን ተዪው፣ ለስራው ቁርጥ ብር ይንገርሽ።

ለንደን_ያለው_ወሎዬ፦

ሰላም እህቴ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። እኔ እንግሊዝ ሀገር ነው ምኖረው ግን ልቤ ደሴ ነው፣ እዚህ ቤት ስገዛ ያየሁትን ልንገርሽ፣ ህጉ ለኛ ሀገር አይሰራም ሀሳቡ ግን ይጠቅምሻል።

እዚህ ባንኩ ሚያስገምተው ግምት ለባንኩ ነው፣ ገዢ ደሞ ለራሱ ሰርቬየር ይቀጥራል፣ ልክ ኢንጅነሩ ከላይ እንዳለው። እዚህ ሰርቬየር ሲባል ግን ግራ እንዳይገባሽ፣ መሬት ሚቀይስ ብቻ ሳይሆን ቤት ሚመረምረውንም ሰርቬየር ነው ሚሉት። ባለሙያዎቹን ሚያስተዳድር ከ1868 በፈረንጅ ጀምሮ ያለ ሪክስ ሚባል ተቋም አለ፣ እሱ ምርመራውን ሶስት ደረጃ አድርጎታል። ደረጃ 1 አጭር ነው፣ አዲስና ተራ ቤት ላይ። ደረጃ 2 መካከለኛው ነው ብዙ ሰው ሚወስደው። ደረጃ 3 ለአሮጌ ቤት፣ ለተቀጠለ፣ ለተለየ አሰራር፣ ችግሩን ብቻ ሳይሆን መነሻውንና አጠጋገኑን ጭምር ይፅፋል። ሪፖርቱ ላይ እያንዳንዱ ነገር ቁጥር ይሰጠዋል፣ 1 ደህና፣ 2 መጠገን ያለበት ግን ማይቸኩል፣ 3 ከባድ ወይ አስቸኳይ። ስኮትላንድ ደሞ ሌላ ነው፣ እዛ ሻጩ ነው ሪፖርቱን አሰርቶ ቤቱን ለገበያ ሚያወጣው።

ያንቺን ቤት እዚህ ቢሆን ሁሉም ሰው ደረጃ 3 ነው ሚልሽ፣ አሮጌ ነው፣ የተቀጠለ ነው፣ ተዳፋት ላይ ነው። ስለዚ ኢንጅነሩን ስትቀጥሪው እንደዚህ በይው፣ ግንቡን፣ ጣራውን፣ ግድግዳውን፣ ውሃና ፍሳሹን፣ መብራቱን እያንዳንዱን በ1 በ2 በ3 ክፈልልኝ፣ ያላየኸውን ደሞ ለምን እንዳላየኸው ፃፍልኝ። ይሄ የመጨረሻዋ እዚህ በጣም የወደድኳት ነገር ናት። ኮርኒስ ውስጥ መግባት አልተፈቀደልኝም ብሎ ከፃፈ አንቺ ምን እንደማታውቂ ታውቂያለሽ፣ ዝም ካለ ግን ያየው ይመስልሻል።

እትዬ_ዘሐራ፦

ልጄ እኔ ባለሙያ አይደለሁም ግን ፍርድ ቤት ፀሐፊ ሆኜ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ፣ የቤት ክስ ሲመጣ ስንቱን አይቻለሁ። ቀብዱን ስለጠየቅሽ ልንገርሽ።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይታይ። ሻጩ ቀብድ ካልሰጣችሁኝ ቤቴን አላስለካም ካለ ደሞ ቀብዱ ትንሽ ይሁንና ወረቀቱ ላይ፣ ልኬቱ ከካርታው ጋር ካልተስማማ ወይም ኢንጅነሩ ግንቡ ላይ ከባድ ጉዳት ካገኘ ቀብዱ ሙሉ ይመለሳል ተብሎ ይፃፍ። ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ የፍትሐ ብሔር ህጉ አንቀፅ 1885 ላይ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ሲተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ሲተው ደሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል ነው ሚለው። ሌላ ስምምነት ከሌለ ሚለውን ልብ በይ። እናንተ ካልፃፋችሁ ህጉ ነው ሚፈርደው፣ በቃል ተነጋግረን ነበር ማለት አይጠቅምሽም።

የመንደር ውል ደሞ በጭራሽ። ቤት ሽያጭ በፅሁፍ ካልሆነ አይፀናም፣ አንቀፅ 2877 ነው፣ 1723 ደሞ ፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ስልጣን ያለው አካል ፊት መሆን አለበት ይላል። ሽማግሌ ተቀምጦ ዱአ ተደርጎ የተፈረመ ወረቀት ይዘው መጥተው ያለቀሱ ሰዎች አሁንም በዓይኔ ላይ ናቸው። ዱአው ይደረግ፣ ወረቀቱ ግን ስልጣን ያለው ጋ ይሁን።

ደሞ የድሮ ጭቃ ቤት ስትይ እኔን ሚያሳስበኝ ግንቡ ብቻ አይደለም። ካርታው በማን ስም ነው? የሻጩ አባት ስም ላይ ከሆነ ወራሾቹ ስንት ናቸው፣ አዲስ አበባ ያለው፣ አረብ ሀገር ያለችው፣ ሁሉም ውክልና ልከዋል ወይ? ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ባልም ሚስትም ይፈርሙ። መሬት አስተዳደር ሄዳችሁ ሻጩ ባለበት ማህደሩ ይታይ፣ እግድ ወይ የባንክ ዕዳ ካለበት እዛ ነው ሚገኘው። መንገድ ማስፋፊያ ይነካዋል ወይ ሚለውንም በዛው ጠይቁ። ይሄን ሳታደርጉ ለኢንጅነር ብር አታውጡ፣ ቤቱ ማይሸጥ ከሆነ ግንቡን አስመርምራችሁ ምን ልትሆኑ።

አማን_77፦

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል ግን እኔ ትንሽ ልለይ፣ ወረቀት ብቻ ያለው ኢንጅነር ጭቃ ቤት አያውቅም። ትምህርት ቤት ሚማሩት አርማታና ብረት ነው። እኔ ብሆን የሰፈር ሽማግሌ ግንበኛና አናፂ ነው ይዤ ምሄደው፣ እንጨቱን በእጁ ነክቶ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ይነግርሃል፣ ያንን ግንብ ማን እንደሰራውም ያውቃል። ብሩም ይቀንሳል።

ግንባታ_ሳይት፦

አማን ወንድሜ ግማሹ ላይ እስማማለሁ። ጥሩ አናፂ ጭቃ ቤት ላይ ከብዙ ኢንጅነር ይበልጣል፣ እኔ ራሴ ጭቃ ቤት ሳይ አናፂ ይዤ ነው ምሄደው። የግንቡና የተዳፋቱ ነገር ግን የልምድ ብቻ አይደለም፣ ውሃው ምን ያህል እንደሚገፋው፣ መሰረቱ ምን ያህል መግባት እንዳለበት ሚሰላ ነገር ነው። ደሞ እህታችን ለድርድር ሆነ ለውሉ ፊርማ ያለበት ወረቀት ያስፈልጋታል። አናፂውን ለቤቱ፣ ኢንጅነሩን ለግንቡ ብታደርጊ ጥሩ ነው፣ ሁለቱ ባንድ ቀን አብረው ቢገቡ ደሞ እርስ በርስ ይተራረማሉ።

የሆጤዋ፦

አላህ ይጨምርላችሁ ሁላችሁም፣ ባለቤቴም ቁጭ ብሎ አነበበው። ዛሬ ጠዋት ሻጮቹ ጋ ደውለን ነበር። ካርታው በሻጩ በራሱ ስም ነው፣ ሚስቱም አለች፣ እሱ አልሀምዱሊላህ። ኢንጅነር ልናስገባ ነው ስንል ግን ደላላው ሌላ ገዢ ስላለ እንዲህ ከጠየቃችሁ ቤቱ ያመልጣችኋል አለን። ሻጩ ራሱ ግን ዝም ነው ያለው፣ እምቢም አላለም። ኮርኒስ መክፈቱን ነው ያልወደደው። አሁን ምን ላድርግ፣ ቢያመልጠን እንዳይቆጨኝ ፈራሁ።

ቀያሹ_ከኮምቦልቻ፦

አብሽሪ። ሌላ ገዢ አለ ሚለው ሁሌም አለ። ደላላውን ትተሽ ሻጩን በቀጥታ፣ ቤቱ ሄዳችሁ፣ ሁለታችሁም ባላችሁበት አናግሩት። ልኬቱ ለሱም ይጠቅመዋል፣ ትክክል ከሆነ ማንም ገዢ ሲመጣ ሚያሳየው ወረቀት ይኖረዋል። የልኬቱን ወረቀት ኮፒ እንሰጥሃለን በሉት፣ ብዙ ሻጭ በዚህ ይለዝባል። ልኬቱ ግማሽ ቀን አይፈጅም፣ የቤቱም ምርመራ ባንድ ቀን ያልቃል፣ ስለዚ ቁርጥ ቀን ንገሩት፣ ሲራዘምበት ነው ሚከፋው።

ግንባታ_ሳይት፦

ኮርኒሱን በተመለከተ መቅደድ አያስፈልግም። ብዙ ቤት ላይ አንዱ የኮርኒስ ፓነል ጥግ ላይ በምስማር ብቻ ነው የተያዘው፣ እሱን ፈቶ ባትሪ አብርቶ አይቶ መልሶ መምታት ነው፣ ካልፈቀደ ደሞ ከውጭ በጣራው ክዳን ጫፍ በኩል ይታያል። ግንቡን ግን እሱ አይሆንም ካለ እንኳን ከታችኛው ጎረቤት ግቢ ገብታችሁ እዩት፣ ዋናው ፊቱ እዛ ነው ያለው። የውሃ መውጫውን፣ ንፋቱን፣ ድንጋዩ መሃል ያለውን ስንጥቅ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፣ በውስጥ መስመር ፃፊልኝ፣ ኢንጅነር ማስገባት ያስፈልጋል ወይ አያስፈልግም ሚለውን በፎቶ ልንገርሽ፣ ለዚህ ብር አልጠይቅሽም። ፎቶው ላይ ገመዱን በድንጋይ አስራችሁ ግንቡ አጠገብ አንጠልጥላችሁ አንሱት፣ ሜትርም አብሮ ይታይ፣ ያለሱ ከፎቶ ምን ያህል እንደተነፋ አይታወቅም።

እትዬ_ዘሐራ፦

ልጄ ታችኛው ጎረቤት ጋ ስትገቢ ባዶ እጅሽን አትግቢ፣ ነገ አብረሽው ነው ምትኖሪው። ግንቡ የማን እንደሆነ ሲነግርሽ ደሞ ባለቤትሽ አብሮ ይስማ።